ዋልካ አፈርን በኖራና በአመድ ማጠንከር

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጅማና በዙሪያዋ ባሉት አጋሮንና ሊሙ ገነትን በመሳሰሉ የቡና ከተሞች፣ ቡናው የሚበቅልበት ተዳፋት በአመዛኙ ቀይ አፈር ነው፡፡ ሜዳማውና ውኃ የሚተኛበት ሥፍራ ግን ጥቁር ዋልካ ይበዛበታል፡፡ ከተሞቹ ሲሰፉ ቤትና መንገድ የሚሠራው በዚሁ ሜዳ ላይም ነው፡፡

ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፡፡ ምክንያቱ ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን በስስ ንጣፎቹ መካከል ውኃ ማስገባቱ ነው፡፡ የእብጠቱ ግፊት ከአንድ ፎቅ አልባ ቤት ክብደት ሊበልጥ ይችላል፡፡ በዚህም ግድግዳ ይተረተራል፣ በር አልዘጋ ይላል፣ መንገድ ይጎረብጣል፡፡

የተለመደው መፍትሔ ዋልካውን ቆርጦ መጣልና በሌላ አፈር መሙላት ነው፡፡ ይህ ግን ብዙ የመኪና ምልልስ ይጠይቃል፣ የሚሞላውም አፈር ከሌላ ኮረብታ ተቆርጦ ይመጣል፡፡ ሁለተኛው መንገድ ያለውን አፈር እዚያው ማጠንከር ነው፡፡

ለዚህ በዓለም ዙሪያ የተፈተነው ማዕድን ኖራ ነው፡፡ የኖራው ካልሲየም በሸክላው ላይ ያሉትን ሌሎች ጨዎች ተክቶ ደቃቅ ቅንጣቶቹን ያያይዛል፡፡ ጭቃው መጣበቁን ይቀንሳል፣ እብጠቱም ይወርዳል፡፡ ከዚያም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ኖራው ከአፈሩ ሲሊካና አሉሚና ጋር ተዋህዶ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፡፡ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከደረቅ አፈሩ ክብደት ከ4 እስከ 8 በመቶ ነው፡፡

ኖራም ቢሆን የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚገኝ በመሆኑ ካርቦን ይለቃል፡፡ ስለዚህ ከፊሉን በተፈጥሮ በሚገኝ የእሳተ ገሞራ ፑሚስ ዱቄት ወይም በአመድ መተካት ይመረጣል፡፡ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ጥናቶች በየመቀሸሪያው የሚከመረውን የቡና ገለፈት አመድም ፈትሸዋል፡፡ ገለፈቱ ሜዳ ላይ ተጥሎ ከመበስበስ ይልቅ ለሥራ ቢውል መልካም ነው፡፡ ነገር ግን አመዱ ፖታሲየም የበዛበት፣ ሲሊካው ያነሰ በመሆኑ ብቻውን ኖራን አይተካም፤ ደጋፊ ነው፡፡ በደንብ ያልተቃጠለ ጥቁር አመድም አይጠቅምም፡፡

ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው አፈሩን አስቀድሞ ያስፈትሽ፡፡ ቀላሉ ሙከራ የነፃ እብጠት ፍተሻ ነው፡፡ በወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጨመርና እስኪረጋ ይጠበቃል፡፡ እብጠቱ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ብዙም አያሰጋም፡፡ 100 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቀላል ቤት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና መሐንዲስ ሳያማክሩ መሠረት መጣል አይገባም፡፡

በሥራው ጊዜ ሥርና ብስባሽ ያለበት የላይኛው አፈር ተጠርጎ ይነሳል፡፡ ኖራው እኩል እስኪዳረስ ይደባለቃል፣ በልኩ ውኃ ጠጥቶ በሮለር ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥበቱ ይጠበቃል፡፡ ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ሠራተኞች ጓንትና መነጽር ያስፈልጋቸዋል፡፡ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ስለምታገኝ ሥራውን በበጋ መጨረስ ይመረጣል፡፡

ከሁሉ በላይ የጣሪያና የጓሮ ውኃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ቦይ ይቀደድ፡፡ ውኃ የሚተኛበት ቤት አፈሩ ቢጠናከርም አይድንም፡፡