ስለ ሐር ልብስና ስለ ጥልፉ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ መንገደኛ የእንጦጦን ተራራ መሻገር ግድ ይሆንበታል። በዚያ ተራራ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በቅጽሯም ባለው ሙዚየም የነገሥታት አልባሳት ይታያሉ። ተመልካች ሁሉ ወርቁን አይቶ ያደንቃል፤ ወርቁን የተሸከመውን ሐር ግን «አንተ ከወዴት መጣህ?» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ይህን ጥያቄ አንሥተን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ሐር የትል ሥራ ነው። ትሉ የሾላ ወገን የሆነ ዛፍ ቅጠል እየበላ ያድግና ራሱን በክር ይጠቀልላል፤ ያንን ክር ተርትሮ መሸመንን አስቀድሞ ያወቀ የቻይና ሕዝብ ነው። ምሥጢሩንም ብዙ ዘመን ለሌላ አልገለጠም። ስለዚህ ሐር በሌላው አገር በወርቅ ይገዛ ነበር።

አገራችን በዚህ ንግድ ውስጥ የገባችበት ዘመን ሩቅ ነው። በአውሮፓውያን ቍጥር በ531 ገደማ የሮም ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ወደ ዐፄ ካሌብ መልክተኛ እንደ ላከ የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። የመልእክቱም ቃል፣ አክሱማውያን ሐሩን ከሕንድ ገዝተው ለሮም ቢሸጡ ራሳቸው ይከብራሉ፣ ሮማውያንም ገንዘባቸውን ለጠላታቸው ለፋርስ ከመክፈል ይድናሉ የሚል ነበር። ዐፄ ካሌብ እሺ ቢሉም ነገሩ አልተፈጸመም፤ የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ጎረቤት ስለ ሆኑ፣ የሕንድ መርከብ በሚደርስበት ወደብ እየቀደሙ ጭነቱን ሁሉ ይገዙት ነበርና። ከዚህ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ሲያልፍ መነኮሳት የትሉን እንቍላል ወደ ቍስጥንጥንያ አመጡ፤ የሐርም ምሥጢር ወደ ምዕራብ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሐር ወደ እኛ መግባቱን አላቋረጠም። ለዚህም ቋንቋችን ምስክር ነው። ግምጃ ማለት የከበረ የሐር ልብስ ሲሆን፣ የመንግሥት ሀብት የሚጠበቅበት ቤት ግምጃ ቤት ተባለ፤ ልብሱ ከወርቁ ጋራ እኩል ይቈለፍበት ነበርና። ደግሞም ገበሬው በአንገቱ የሚያስረው ማተብ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሐር ክር ነበረ። እንግዲህ ሐር ለንጉሥ ካባ፣ ለድኻም የክርስትናው ምልክት ሆኖ አገልግሏል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራው የመቅደስ መጋረጃ ነው። ክሩ ከቻይና የመጣ ሐር ነው፤ ሸማኔው የአገራችን ሰው ነው። የተሸመነውም ቀዳዳ ባላቸው ከ300 በሚበልጡ ትንንሽ ገበታዎች ሲሆን፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። በላዩ የሚታዩት ሥዕሎች ዐፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ እንደ ሆኑ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ይህ መጋረጃ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲዘረፍ በእንግሊዞች ተወሰደ፤ ዛሬም በሎንዶን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። ይህን የመሰለ ሌላም በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ አለ።

በዚያው በሐሩ አገር ደግሞ ልብሱ ሌላ ሥራ ተሰጠው። በቻይና ተውኔት መድረኩ ባዶ ነው፤ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይበቃዋል። ቤተ መንግሥቱንም ጦር ሜዳውንም የሚያሳየው የተዋናዩ ልብስ ነው። ዘንዶ የተጠለፈበት ቢጫ ካባ የለበሰ ንጉሥ ነው፤ በጀርባው አራት ሰንደቅ የተከለ የጦር አለቃ ነው። የታሪኩ ዘመን ማንኛውም ቢሆን፣ የልብሱ ሥርዐት በብዛት የተወሰደው እስከ 1644 ከነገሠው ከሚንግ መንግሥት ልማድ ነው። ስለዚህ ያ መንግሥት ካለፈ በኋላ የልብሱን ሥርዐት ተዋንያን ጠበቁት። ሜ ላንፋንግ የተባለው ታላቅ ተዋናይ በ1930 ወደ አሜሪካ ሄዶ ይህን ጥበብ ለባዕድ ሕዝብ አሳየ።

የካህናቱን ልብሰ ተክህኖ ከተውኔት ልብስ ጋራ ማስተካከል አይገባም፤ አንዱ ለጸሎት፣ ሌላው ለጨዋታ ነውና። ነገር ግን ከአንድ ነገር ትምህርት እንወስዳለን፤ ቻይኖች ለመድረክ ልብስ ሥርዐት ይህን ያህል ከጠነቀቁ እኛ ለመቅደስ ልብስ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?

በጥምቀት ዕለት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ታቦታቱ ሲወጡ ካባውና ድባቡ ሜዳውን ያስጌጠዋል። አሁን ግን አብዛኛው ሐር የሚመስል ሰው ሠራሽ ክር ነው። አዲሱን አንነቅፍም፤ የሚያሳዝነን የአሮጌው መጥፋት ነው። ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ ደብር፣ ጥልፉ ተቈርጦ የመጽሐፍ መሸፈኛ የሆነ አሮጌ የሐር ካባ አይቻለሁ። ማን እንደ ሰጠው ብጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። መጋረጃውን የወሰደብን ባዕድ ነበረ፤ ይህን ካባ ግን የቈረጠው የገዛ እጃችን ነው።

ስለዚህ የየደብሩ አለቆችና ዕቃ ቤቶች አሮጌውን ልብስ ከፀሓይና ከእርጥበት ያርቁት፤ እጥፋት ሐርን ይሰብረዋልና የሚጠቀለለውን ጠቅልለው ያኑሩት። የሰጪውን ስምና ዘመኑንም በመዝገብ ይጻፉ። ዐፄ ካሌብ ከሕንድ ወደብ ማግኘት የተሳናቸው ሐር ዛሬ የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል በአገራችን ይፈተላል። ክሩ እንግዲህ ተገኝቷል፤ የቀድሞው ሥራ ከጠፋ ግን አዲሱ ጠላፊ አብነት የሚያደርገው ምን ይቀርለታል?