የባሕር ጦርነት ጨዋታና የዳኛው ሥልጣን



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ጉባኤ የሚመጥን ላይመስል ይችላል፤ ስለ ጨዋታ ነውና የምናገረው። ብዙ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው የጦር መርከቦችን እያዘዙ በዳኛ ፊት የሚጋጠሙበት ጨዋታ ነው። ነገር ግን በ1942 ዓ.ም. በወራት ልዩነት፣ አንዱ በእንግሊዝ የወደብ ከተማ በሊቨርፑል፣ ሌላው በጃፓን ባሕር ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ የተካሄዱ ሁለት ጨዋታዎች በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ሕይወትና ሞት ጋር የተያያዙ ነበሩ። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ፦ ጨዋታ ለአዛዥ እውነቱን የሚነግረው መቼ ነው? የሚያታልለውስ መቼ ነው? በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ።

ከምናውቀው እንነሣ። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፍጥነታቸውና እንደ ብልሃታቸው ባንድነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ጠላት ተራህን ጠብቆ እንደማይመጣ ሰንጠረዣችን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም በሰንጠረዥ ላይ ሁለቱም ወገኖች ገበታውን ሙሉ በሙሉ ያያሉ። እያንዳንዱም ጠጠር የታዘዘውን ሳያጎድል ይፈጽማል። ባሕር ላይ ግን ሁለቱም የሉም፤ አዛዡ ጠላቱን አያይም፣ የራሱም መርከቦች ትእዛዙን ዘግይተው ይሰማሉ ወይም በተለየ መንገድ ይረዱታል።

የባሕር ጦርነት ጨዋታ ታሪክ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተደረገ ረጅም ጥረት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የስኮትላንዱ ነጋዴ ጆን ክለርክ የባሕር ኃይል ሰው ሳይሆን ትንንሽ የመርከብ ምስሎችን በጠረጴዛ ላይ እያንቀሳቀሰ የባሕር ውጊያ ስልትን ያጠና ነበር፤ በ1782 ያሳተመው ጥናትም በዘመኑ መኮንኖች ዘንድ አነጋጋሪ ሆነ። በ1898 እንግሊዛዊው ፍሬድ ጄን ዝርዝር ደንብ ያለው የባሕር ጦርነት ጨዋታ አወጣ። በአሜሪካ ደግሞ ኒውፖርት በሚገኘው የባሕር ኃይል ጦርነት ኮሌጅ፣ ዊልያም ማካርቲ ሊትል የተባለው መኮንን ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጨዋታውን የትምህርቱ አካል እንዲሆን አደረገ።

ኒውፖርት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ትልቁ የጨዋታ ማእከል ነበር። አሜሪካ ሰማያዊ፣ ጃፓን ብርቱካናማ፣ እንግሊዝ ቀይ በሚል የቀለም ስም ይጠሩ ነበር። መኮንኖቹ በሰማያዊና በብርቱካናማ መካከል የሚደረገውን ጦርነት ደጋግመው ሲጫወቱት፣ ፓሲፊክን በአንድ ጊዜ አቋርጦ ወሳኝ ውጊያ የማድረግ ሐሳብ የማያዋጣ መሆኑ ቀስ በቀስ ተገለጸላቸው። መርከቦች ነዳጅ ያልቅባቸዋል፣ የተጎዱትም የሚጠገኑበት ወደብ ያጣሉ። ስለዚህ ደሴት በደሴት መራመድ፣ የጦር ሰፈርም እየተከሉ መሄድ ግድ ይሆናል። ይህን ያስተማራቸው የጨዋታው ድል ሳይሆን ሽንፈቱ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በኮሌጁ ተማሪ የነበረው አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኋላ ተመልክቶ ሲናገር፣ ከካሚካዜ አጥፍቶ ጠፊዎች በስተቀር በጨዋታው ክፍል አስቀድሞ ያልታየ ነገር አላጋጠመንም ብሏል። አባባሉ የተጋነነ ነው ቢባል እንኳ፣ አንድ የመርከብ ጦር አዛዥ ስለ ጨዋታ ይህን መመስከሩ ራሱ ልብ የሚባል ነው።

አሁን ወደ ሊቨርፑል እንሂድ። በ1942 መጀመሪያ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚጓዙ የንግድ መርከቦችን በብዛት ያሰጥሙ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ካፒቴን ጊልበርት ሮበርትስን ጠርቶ ስለ አጃቢ መርከቦች ስልት እንዲያጠና አዘዘው። ሮበርትስ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት በ1938 ከአገልግሎት የተሰናበተ፣ ቀደም ሲል በጦር ስልት ትምህርት ቤት ያገለገለ መኮንን ነበር። የተሰጠው ቦታ ደርቢ ሃውስ በተባለው ሕንጻ ውስጥ ሲሆን፣ አብረውት የሠሩት በአብዛኛው የሴቶች የባሕር ኃይል አገልግሎት አባላት የሆኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ውጊያ አይተው የማያውቁ ናቸው።

የጨዋታው መሣሪያ ወለሉ ነበር። ሊኖሌየም የለበሰው ወለል በካሬዎች ተከፋፍሎ ባሕር ሆነ። የአጃቢ መርከቦች አዛዥ ሆነው የሚጫወቱት መኮንኖች ዙሪያውን ከሸራ መጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ወለሉንም በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ያያሉ። አንድ ካፒቴን በሌሊት ከመርከቡ ላይ ሆኖ ከሚያየው በላይ እንዳያይ ነው። የአጃቢዎቹ መንገድ በነጭ ጠመኔ ይሣላል፤ የሰርጓጁ መንገድ ግን በቀዳዳው በኩል በማይለይ በአረንጓዴ ጠመኔ ይሣላል። አንዱ ዙር የሁለት ደቂቃ የባሕር ጊዜ ነው። ተጫዋቹ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ትእዛዙን ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጣል፤ ወጣቶቹ ሴቶችም መርከቦቹን ያንቀሳቅሳሉ።

እዚህ ላይ ነው የመርከብ ጦርን የማዘዝ ምንነት የሚገለጸው። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው አዛዥ ሦስት ነገሮች ይጎድሉታል፦ ሙሉ እይታ፣ በቂ ጊዜና የባልደረቦቹን ሐሳብ የማወቂያ መንገድ። አጠገቡ የተቀመጠው ሌላው አዛዥ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ አያውቅም። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት መርከቦች እንደ አንድ አካል የሚንቀሳቀሱት ሁሉም ቀድመው የተስማሙበት ስልት ካለ ብቻ ነው። ጨዋታው ከብልህ ተጫዋች ይልቅ የጋራ ደንብ የሚያውቅ ቡድን እንዲፈጠር ያስገድድ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ውጤትም የተገኘው ከዚህ ነው። በዚያን ጊዜ ስመ ጥር የነበረው አዛዥ ጆኒ ዎከር፣ አንድ የንግድ መርከብ ሲመታ አጃቢዎቹ ወደ ውጭ እየተወነጨፉ በብርሃን ጥይት ባሕሩን እንዲፈትሹ ያዝዝ ነበር። ሮበርትስና ረዳቶቹ ከጉዞ የተመለሱ ዘገባዎችን ወለሉ ላይ እንደገና ሲያሰልፏቸው አንድ ነገር አልገጥም አላቸው። የተመቱት መርከቦች አንዳንዶቹ በሰልፉ መካከል የነበሩ ናቸው፤ ቶርፔዶው ከሩቅ ተተኩሶ እነርሱ ዘንድ መድረሱ አጠራጣሪ ነበር። የደረሱበት መደምደሚያ፣ ሰርጓጁ በሌሊት በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ጠባቂ ዓይን በማያተኩርበት በኋላ በኩል ወደ ሰልፉ ውስጥ ይገባል፤ ከተኮሰም በኋላ ጠልቆ መርከቦቹ በላዩ እስኪያልፉ ይጠብቃል የሚል ነው። ወደ ውጭ የሚሮጡት አጃቢዎች እንግዲህ ጠላታቸውን ከጀርባቸው ትተው እየሄዱ ነበር። ስለዚህ አጃቢዎቹ ባንድ ምልክት በሰልፉ ዙሪያና በስተኋላው በተወሰነ መንገድ የሚፈትሹበት አዲስ ስልት ተቀረጸ፤ ስሙም ራስበሪ ተባለ። ቃሉ የእንጆሪ ዓይነት ፍሬ ስም ቢሆንም በእንግሊዞች ዘንድ በአፍ የሚደረግ የማሾፊያ ድምፅንም ያመለክታል፤ ማሾፉም በሂትለር ላይ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ጥያቄያችን የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1942 መጨረሻ የአካባቢው ዋና አዛዥ የሆነው አድሚራል ማክስ ሆርተን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ራሱ የሰርጓጅ አዛዥ ነበር። እንደሚተረከው ወደ ወለሉ መጥቶ የጠላትን ሰርጓጅ ወክሎ ተጫወተ፤ በጃኔት ኦኬል ላይ ተሰልፎም ተደጋግሞ ሰጠመ። አድሚራሉ በልጅቷ መሸነፉ ሳይሻር ተመዘገበ፤ ክፍሉም ሥራውን ቀጠለ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ 5,000 የሚጠጉ መኮንኖች በዚያ ወለል ላይ ሠለጠኑ። በሜይ 1943 ጀርመን 41 ሰርጓጆች አጥታ አድሚራል ዶኒትዝ ጦሩን ከሰሜን አትላንቲክ ለማንሣት ተገደደ። ለዚህ ድል ራዳር፣ የረጅም ርቀት አውሮፕላንና የምስጢር ጽሑፍ ፈቺዎች ድርሻ ከፍተኛ ነው፤ የጨዋታው ወለል ብቻውን አላሸነፈም። ነገር ግን እነዚህን መሣሪያዎች ባንድነት የሚጠቀሙ አዛዦችን አዘጋጅቷል።

በ1942 በሜይ ወር መጀመሪያ ያማቶ በተባለው ታላቅ የጃፓን የጦር መርከብ ውስጥ ሌላ ጨዋታ ተካሄደ። ጉዳዩ ሚድዌይ የተባለችውን ደሴት ለመያዝ የወጣው እቅድ ነበር። ዳኛው የጥምር መርከብ ጦሩ ኤታማዦር ሹም አድሚራል ማቶሜ ኡጋኪ ነው። ሚትሱኦ ፉቺዳና ማሳታኬ ኦኩሚያ የተባሉት መኮንኖች ከጦርነቱ በኋላ ባሳተሙት ትረካ መሠረት፣ ከደሴቲቱ የተነሡ የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጃፓንን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች መቱ። ኦኩሚያ ራሱ ዳይስ ጥሎ ዘጠኝ ቦምብ እንዳገኛቸው ወሰነ፤ አካጊና ካጋ የተባሉት መርከቦችም ሰጠሙ ተባለ። ኡጋኪ ግን ዘጠኙን ወደ ሦስት ዝቅ አደረገው፤ ካጋ ብቻ ሰጠመች፣ አካጊ በጥቂቱ ተጎዳች። በሚቀጥለው የጨዋታ ክፍል ካጋም ከባሕር ወለል ተነሥታ ከጦሩ ጋር ተሰለፈች።

ብዙ ጸሐፍት ይህን ታሪክ የትዕቢት ምሳሌ አድርገው ይተርኩታል። ለኡጋኪ ግን ፍትሐዊ እንሁን። በእውነተኛው ውጊያ ከሚድዌይ ደሴት የተነሡት አውሮፕላኖች ተመላልሰው ቢያጠቁም አንድም ተሸካሚ መርከብ አልመቱም። ስለዚህ ዘጠኙን ቁጥር መቀነሱ በራሱ ከእውነት የራቀ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ከዚህም በላይ፣ የጠላት ተሸካሚ መርከቦች በድንገት ቢመጡ ምን ይደረጋል የሚለውን ጥያቄ ያነሣው ኡጋኪ ራሱ ነበር። አድሚራል ያማሞቶም የአውሮፕላኖቹ ግማሽ መርከብ የሚያሰጥም መሣሪያ ታጥቀው ዝግጁ እንዲሆኑ በቃል አሳስቧል።

ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነው? ጨዋታው ያነሣውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው እንዲመልስ አልተፈቀደለትም። ሁለቱ መርከቦች በእርግጥ ሰጥመው ቢቀሩ፣ እቅዱ ያለ እነርሱ ምን እንደሚሆን ማየት ግድ ይሆን ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ እቅዱን ያወጡት፣ የተጫወቱትና የዳኙት የአንድ አለቃ ሰዎች ነበሩ፤ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ እንዲሉ። በጁን 4 ቀን ጠዋት አድሚራል ናጉሞ ለመርከብ ተዘጋጅተው የቆዩት አውሮፕላኖች መሣሪያ ለደሴቲቱ ጥቃት እንዲለወጥ አዘዘ፤ የአሜሪካ ተሸካሚ መርከቦች ግን በአካባቢው ነበሩ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አካጊ፣ ካጋና ሶርዩ በእሳት ተያያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ሂርዩ ተከተለች። በውጊያው ከ3,000 በላይ ጃፓናውያን ሞቱ። በዚህ ጊዜ ካጋን ከባሕር ወለል የሚያስነሣ ዳኛ አልነበረም።

ይህ የጃፓን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን አንድ የቅርብ ዘመን ምሳሌ ልጨምር። በ2002 በአሜሪካ በተካሄደው ሚሊኒየም ቻሌንጅ የተባለ ታላቅ ልምምድ፣ ጡረተኛው ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር ጠላትን ወክሎ ትእዛዙን በሞተር ብስክሌት መልእክተኞች እያስተላለፈ፣ በሚሳይልና በትንንሽ ጀልባዎች 16 መርከቦችን በጨዋታው አሰጠመ። አዘጋጆቹ መርከቦቹን መልሰው አስነሡ፤ እርሱም የተጣለበትን ገደብ በመቃወም ከኃላፊነቱ ራሱን አገለለ። አዘጋጆቹ በሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ለልምምድ ተሰልፎ ሳለ ጨዋታው በመጀመሪያ ቀናት ሊቆም አይችልም ብለው ተከራክረዋል። ክርክራቸው ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ለሥልጠና ሲባል መርከብ ማስነሣት ይቻላል። ግን የሰጠመውን አስነሥቶ ሲያበቃ እቅዱ ተፈትኖ አለፈ ማለት አይቻልም።

ውድ ተማሪዎች፤ ዛሬ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በኮምፒዩተር መረብ ላይ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ተሰልፈው የጦር መርከቦችን ያዝዛሉ። በዚያ ጨዋታ ዳኛው አይታይም፤ ፕሮግራሙ ውስጥ በተጻፈው ደንብ ተሸሽጓል። የትኛው መሣሪያ ምን ያህል እንደሚመታ፣ ማን ምን ያህል እንደሚያይ አንድ ሰው አስቀድሞ ወስኗል። የታሪክ ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ደንቡን ማን ጻፈው? የበላዩ ሲሸነፍስ ውጤቱ ይጸናል? በሊቨርፑል ወለል ላይ ጠመኔ የያዘች ወጣት ሴት አድሚራሉን ስታሰጥም ውጤቱ ጸንቷል። በያማቶ ላይ የበላይ አለቃ ዳይሱን አርሟል። ከሁለቱ ክፍሎች የወጡት አዛዦች የተለያየ ዝግጅት ይዘው ወደ ባሕር ሄዱ።