የምስጥ ንግሥት ክፍል፤ ከኩይሳ የተቆረጠ፣ ላንጋኖ አካባቢ

መውለድ ዕድሜ ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ መሠረት አለው፤ በቤተ ሙከራ ብዙ እንቁላል የሚጥሉ የፍራፍሬ ዝንቦች ብዙውን ጊዜ ቀድመው ይሞታሉ። በስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ የሚቆመው ኩይሳ ግን ይህን ሕግ ይገለብጠዋል። በዚህ የጭቃ ክፍል የምትኖረው ንግሥት፣ ሆዷ እንደ ጣት አብጦ፣ በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል እየጣለች ከ10 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ የማይወልዱት ሠራተኞች በወራት ያልቃሉ። ስለምትጠበቅና ስለምትመገብ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን በከፊል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮትዲቯር ምስጦች ጥናት እንዳሳየው፣ ሠራተኞቹ ሲያረጁ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች በሰውነታቸው ውስጥ ይበረታሉ፤ በንግሥቲቱና በተጓዳኟ በንጉሡ ላይ ግን ይህ አልታየም። ጥበቃው ከግድግዳው ባሻገር በሕዋሳቸው ውስጥም አለ ማለት ነው። ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ይመልከቱ፤ ሠራተኞች ይገቡባቸዋል፣ ይወጡባቸዋል፤ ያበጠችው ንግሥት ግን አታልፍባቸውም።