እህት ድርጅቶች ጓዳ ሲጣሉ

ላሊበላ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ሰሜን ብታዞሩ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይገተርባችኋል። ከፍታው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ከእሱ ባሻገር ዋግ አለ። ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተነስቷል። ዛሬ የምናወራችሁ ግን ስለ ተራራው ማዶ ነው። አገራችንን ለ28 ዓመታት የገዛው ጥምረት አንዱ እግሩ የተተከለው እዚያ ነውና።

መቼም ልጅ ሳለን ኢሕአዴግ አንድ ፓርቲ ይመስለን ነበር። ምልክቱ አንዲት ንብ፣ ንግግሩም አንድ ዓይነት! ለካ ንቧ አራት ቀፎ ነበራት። በአራቱ ቀፎዎች መካከል የነበረውን ጠብ ያወቅነው ደግሞ ከተነደፍን በኋላ ነው።

ታሪኩን ከሥሩ እንጀምረው። በኅዳር 1973 ዓ.ም. ከኢሕአፓ ሠራዊት የወጡ ወጣቶች ኢሕዴን የተባለ ድርጅት መሠረቱ። ሕወሓት የካቲት 1967 ዓ.ም. በረሃ የገባ በመሆኑ በዚያን ጊዜ የራሱ ሠራዊትና ነፃ ያወጣው መሬት ነበረው። አዲሱ ድርጅትም በእሱ ድጋፍ ቆመ፤ ከዚያ በዋግና በላስታ ተራሮች እየተንቀሳቀሰ አደገ። በ1981 ዓ.ም. ሁለቱ ተጣምረው ኢሕአዴግን መሠረቱ። በ1982 ዓ.ም. ኦሕዴድ ተከተለ፤ ከደርግ ውድቀት በኋላም የደቡቡ ድርጅት ተጨምሮ አራት ሆኑ። ኢሕዴን ራሱ በ1986 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የሚለውን ከስሙ አውጥቶ ብአዴን ተባለ።

እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት «እህት ድርጅት» እየተባባሉ ነበር። መልካም ስም ነው። ችግሩ በእህትማማቾች መካከል ታላቅና ታናሽ መኖሩ ነው። ጠመንጃ የሰጠ ታላቅ ደግሞ ታናሹ ቢያድግም ቶሎ አይቀበለውም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች አሉት። በኢሕአዴግ ዘመን ከነዚህ ውስጥ 178ቱ የኦሮሚያ፣ 138ቱ የአማራ፣ 123ቱ የደቡብ፣ 38ቱ የትግራይ ነበሩ። የግንባሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ግን 36 ሰው ነበረው፦ ከየድርጅቱ ዘጠኝ ዘጠኝ። ምክር ቤቱም 180 አባላት ነበሩት፦ አርባ አምስት አርባ አምስት። አፋርን፣ ሶማሌን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን፣ ጋምቤላንና ሐረሪን የሚያስተዳድሩት «አጋር ድርጅቶች» ደግሞ ከነጭራሹ ወንበር አልነበራቸውም።

ይህን ስናነሳ የምትከፋፈሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ «38 እንዴት ከ178 እኩል ይሆናል?» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ «ትንሹ በትልቁ እንዳይዋጥ ነዋ!» ትላላችሁ። ሁለቱም ክርክር ወግ አለው። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ይህ ክርክር ራሱ የት ተካሄደ? መልሱ «በዝግ ስብሰባ» ነው።

የግንባሩ መመሪያ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ይባል ነበር። ውስጥ ተከራከር፣ ከተወሰነ በኋላ ግን በአንድ አፍ ተናገር እንደማለት ነው። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። ድርጅት የሚል ቃል እዚያ የለም። በተግባር ግን ጓዳ የተወሰነው ሳሎን ይመጣል፤ ሳሎን ያለው እጁን ያወጣል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ግንባሩና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ሲይዙ ሳሎኑ ከነጭራሹ ጸጥ አለ።

ለምሳሌ ራያን ውሰዱ። ኮረምና አላማጣ ቀድሞ በወሎ ሥር ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተሠራው የክልል ካርታ ወደ ትግራይ ሲካለሉ ቆቦ በሰሜን ወሎ ቀረች። ከላስታ ደጋ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ሰው የሚያገኘው ይህንን አገር ነው። ወሰኑ የሚለያያቸው ሁለት ክልሎች የሚተዳደሩት በሁለት እህት ድርጅቶች ነበር። ታዲያ ሁለቱ በተወካዮች ምክር ቤት ተነሥተው፣ ሕዝብ እየሰማቸው፣ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰምተናል? እኛ አልሰማንም። ጥያቄው ግን አልሞተም ነበር።

ክዳኑ የተገለጠው በ2010 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር በአቶ ለማ መገርሳ የተመራ የኦሕዴድ ልዑክ ባሕር ዳር ሄደ፤ «ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው» የተባለውም ያኔ ነው። ሁለቱ ትልልቅ እህቶች በአደባባይ ሲተቃቀፉ ብዙዎቻችን አጨበጨብን። በታኅሣሥ የሁለቱ ድርጅቶች የምክር ቤት አባላት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው ስለ አገሪቱ ሁኔታ ካላስረዱ ስብሰባ አንገባም አሉ። ኧረ ጉድ ነው፣ ፓርላማው አፍ አወጣ!

የካቲት 8 አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የሥልጣን መልቀቂያ አቀረቡ። የካቲት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ቀረበ። በመጀመሪያ 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተነገረ። ሁለት ሦስተኛው ድምፅ ግን ከዚያ በላይ ነበር። ጥቂት ቆይቶ «ድጋፉ 395 ነው» የሚል እርማት መጣ። በዚያ ሰሞን በቁጥሩ ያልቀለደ ሰው አልነበረም። እኛም ቀልደናል። ዛሬ መለስ ብለን ስናየው ግን ትልቁ ነገር እርማቱ ሳይሆን 88ቱ ናቸው። ከገዢው ጥምረት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ካሜራ እያያቸው፣ «አይሆንም» ብለው እጃቸውን ያወጡ 88 ሰዎች! ለዓመታት ያላየነው ነገር ነበር።

ከዚያ ግን ነገሩ ተመልሶ ጓዳ ገባ። መጋቢት 18 የግንባሩ ምክር ቤት በዝግ ተሰብስቦ ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀ መንበር አደረገ። የብአዴኑ አቶ ደመቀ መኮንን ከእጩነት ራሳቸውን ማግለላቸው ሚዛኑን እንደደፋው ተነገረ። መጋቢት 24 የተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀ። ማን ለምን እንደተከራከረ፣ ማን ምን እንደተሰጠው፣ እኛ መራጮች የሰማነው ከወሬ ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ብአዴን አዴፓ ሆነ። ሰኔ 15 ቀን ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን ተገደሉ። በሐምሌ ሕወሓት፣ አዴፓ ኃላፊነት ወስዶ ሕዝብን ይቅርታ ይጠይቅ ሲል አዴፓም በከረረ መግለጫ መለሰ። በሠላሳ ዓመት ያልተነገረው በአንድ ሳምንት መግለጫ ተዘረገፈ። ልብ በሉ፣ ያን ቀን ሁለቱም የአንድ መንግሥት አካል ነበሩ! ኅዳር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ሦስቱ እህቶችና አጋሮቹ የብልጽግናን ውህደት ፈረሙ። ሕወሓት አልፈረመም።

ጥምረት መፍረሱ በራሱ የዓለም መጨረሻ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 60 ጥምር መንግሥት ሊፈርስ እንደሚችል አስቦ መንገድ አበጅቷል። 38 ወንበር ይዞ ተቃዋሚ መሆን ይቻል ነበር፤ 38 ወንበር የያዘ ተቃዋሚን ማዳመጥም ይቻል ነበር። ሆኖም ምርጫው ተራዘመ፣ ትግራይ በጳጉሜን 2012 ለብቻዋ መረጠች፣ ሁለቱ መንግሥታት አንዱ ሌላውን ሕገ ወጥ አለ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላ ገቡ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ቆየች። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ እንግዳ ቀረ። አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ በቅሎ አከራዩ ሥራ ፈታ። ሁለቱ ድርጅቶች በወጣትነታቸው አብረው የተዋጉበት ተራራ የሚዋጉበት ተራራ ሆነ። የላስታ ገበሬ ከ36ቱም ሆነ ከ180ው ስብሰባ በአንዱም አልተቀመጠም፤ ሒሳቡ ግን ለእሱ መጣለት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ላሊበላ በሌላ ጦርነት፣ በፋኖና በመከላከያ መካከል፣ ዳግም ዜና ሆነች።

ጎረቤታችን ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2008፣ ከምርጫ በኋላ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ኪባኪና ራይላ ኦዲንጋ ጥምር መንግሥት መሠረቱ። ተስማምተው ኖሩ እንዳትሉ! በ2010 ራይላ ሁለት ሚኒስትሮችን ሲያግዱ ኪባኪ በዚያው ቀን ሻሩት። ጋዜጣው ሁሉ ጻፈው፣ ሕዝቡ ሳቀም ተናደደም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ግን አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ፤ በ2013 ምርጫ ተካሂዶ ጥምረቱ በሰላም ተሰናበተ። ኬንያውያን ከእኛ የተለዩ መላእክት ስለሆኑ አይደለም። ጠባቸው ሳሎን ላይ ስለነበር ሁሉም የት እንደደረሰ ያውቅ ነበር።

እኛ በትምህርት ቤትም በቤትም «ገመናህን አደባባይ አታውጣ» እየተባልን ያደግን ነን። ለቤተሰብ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። ለመንግሥት ግን አይሆንም፤ ገመናው የእሱ ብቻ አይደለማ! ዛሬ አራት እህቶች የሉም፣ በቦታቸው አንድ ትልቅ ፓርቲ አለ። አንድ መሆኑ አለመግባባቱን አያጠፋውም፤ ቢበዛ ጓዳውን ያጠብቀዋል። ስለዚህ ከእንግዲህ ፓርላማ ውስጥ ጭቅጭቅ ስትሰሙ «ተከፋፈሉ» ብላችሁ አትደንግጡ። እኛ የምንደነግጠው ሁሉም እጅ አንድ ላይ ሲወጣ ነው።

ቸር ያሰንብተን።