ከሰንሰለት ወደ ዓይን፦ «ቁራኛ» የሚለው ቃልና የታሳሪ ጉዞ ታሪክ

ተከሳሽን ወይም ፍርደኛን ከቦታ ወደ ቦታ በደኅና ማድረስ የፖሊስና የማረሚያ ቤት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን የቋንቋ ታሪክም አለው። ይህ ጽሑፍ «ቁራኛ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከሥርዓተ ፍርድ ወደ ዕለታዊ አነጋገር ሲሸጋገር ምን እንደ ያዘና ምን እንደ ጣለ ይመረምራል። የጣለው ነገር ዛሬ የሕግ ቃላትን ወደ አካባቢ ቋንቋዎች ለሚመልሱ ባለሙያዎችም ቁም ነገር ነው።

ዘመናዊ ፖሊስ ከመደራጀቱ በፊት በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ከሳሽ ተከሳሹን፣ አበዳሪም ተበዳሪውን ራሱ ይዞ ወደ ዳኛ ያቀርብ ነበር። ተከሳሹ ዋስ ከጠራ ይለቀቃል፤ ዋስ ካጣ ግን ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል። የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል፤ አለዚያም የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠራል። በዚህ ሁኔታ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መባቻ አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያን ልማዱን በጽሑፍና በፎቶግራፍ መዝግበውታል።

የግሡ አሠራርም ከልማዱ ጋር ይስማማል። «ተቆራኘ» እንደ «ተካሰሰ»ና እንደ «ተዋዋለ» ሁሉ የእርስ በርስ ድርጊትን በሚያሳየው የተደራራጊ ዐምድ የቆመ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ታሳሪው የአሳሪው ቁራኛ ከሆነ አሳሪውም የታሳሪው ቁራኛ ነው።

ይህ ሲባል ልማዱ ርኅራኄ ነበረው ለማለት አይደለም። ሰንሰለቱ የሚያርፈው ዋስ ባጣው፣ ማለትም ወገንና ሀብት በሌለው ሰው ላይ ነበር። ሆኖም መንገዱ የሁለቱም ነው። ታሳሪው ሲደክም አሳሪው አብሮ ይቆማል፤ ወንዝ ሲሞላ ሁለቱም ከዳር ይቀራሉ፤ አንዱ ገደል ቢገባ ሌላው አይተርፍም። የታሳሪው ደኅንነት በአሳሪው ቸርነት ሳይሆን በአሳሪው በራሱ አካል ተይዞ ነበር።

በዛሬው አማርኛ ሰንሰለቱ ቀርቶ ቃሉ ቀጥሏል። «ቁርኝት» አሁንም ሁለትነትን ጠብቆ የጠበቀ ግንኙነትን ያመለክታል። «የአልጋ ቁራኛ» የሚባለው በሽተኛ ግን ብቻውን የታሰረ ነው፤ አልጋው በእርሱ አልታሰረም። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» በሚለው ፈሊጥ ደግሞ ከሰንሰለቱ የቀረው ዓይን ነው፤ አንዱ ያያል፣ ሌላው ይታያል። ጠባቂው ከተጠባቂው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ተፈትቷል።

የሕጉም ጉዞ ተመሳሳይ አቅጣጫ አለው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 29 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው እንደ ፈቀደ ወዲያው፣ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ያንኑ 48 ሰዓት ሲደነግግ፣ ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከቁጥሩ ውጭ አድርጎታል። ርቀት ላለባት አገር ይህ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን በቀድሞው ልማድ የሥርዓቱ እምብርት የነበረው መንገድ አሁን በሰዓት ቆጠራው ውስጥ አይገባም።

«አመክሮ» የሚለው ቃል ሌላውን ጫፍ ያሳያል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ፍርደኛ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩ ከተሻሻለ በአመክሮ ሊፈታ፣ ግዴታውን ከጣሰም ወደ እስር ሊመለስ ይችላል። ቃሉ «ፈተነ» የሚል ትርጉም ካለው ከግዕዙ «አመከረ» የመጣ ሲሆን የአማርኛዎቹ «ሞከረ»ና «መከራ» ዘመዶቹ ናቸው። እዚህም የሚፈተነው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ በመመለሻው መንገድ ላይ ስለሚያጅበው ሰው ኃላፊነት ቃሉ ምንም አይናገርም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ዓለም አቀፍ ደንብ ወጥቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች እስረኛ ሲጓጓዝ በተቻለ መጠን ከሕዝብ ዕይታ እንዲሰወር ያዝዛሉ፤ አየርና ብርሃን በሌለው ተሽከርካሪ ማጓጓዝንም ይከለክላሉ። እንዳያመልጥ የታሰረበት መሣሪያም ዳኛ ፊት ሲቀርብ እንዲፈታለት ይጠይቃሉ።

እነዚህን ደንቦች ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ቃል «ጥበቃ» ነው። «ጠበቀ» እንዳያመልጥ መከልከልንም፣ ከጉዳት መከላከልንም ያመለክታል፤ «ዘብ ጠባቂ»ም «ጠበቃ»ም ከዚሁ ሥር ወጥተዋል። «እስረኛው በጥበቃ ሥር ይጓጓዛል» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ አንባቢው የሚረዳው የመጀመሪያውን ትርጉም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚው «እንዳያመልጥ» እና «እንዳይጎዳ» የሚሉትን ሁለት ግዴታዎች ለየብቻ፣ ፈጻሚውንም በግልጽ ጠርቶ ሊጽፋቸው ይገባል። በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ቃላት ይህን ጥምር ትርጉም መያዝ አለመያዛቸውን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።