ግጥሙ ስድስት ኪሎ፣ ጊታሩ ራስ ሆቴል

ቴአትርና ዘፈን የተጋቡት ዛሬ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ተውኔት ያለ መዘምራን መድረክ አይወጣም ነበር። የኛም ሰው ኀዘኑን በሙሾ፣ ጀግንነቱን በፉከራ፣ ሙግቱን እንኳ «በላ ልበልሃ» እያለ በግጥም ሲያወጣ ኖሯል። እዚህ የምናነሣው የዚህን ረጅም ጋብቻ አንድ ልጅ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ይዞ በ1960 ዓ.ም. ብቅ ያለው ሮክ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። ታሪኩን የምናወሳው ለወሬ ያህል አይደለም። በዚያው ዓመት አዲስ አበባም ጊታር ነበራት፤ ገጣሚም፣ ቴአትር ቤትም፣ የተቆጣ ወጣትም ነበራት። ታዲያ ልጁ ለምን እኛ ዘንድ አልተወለደም? ዘመኑን ሁሉ ለአንባቢ እንዲመች በኛው አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

በጥቅምት 1960 ኒው ዮርክ ውስጥ «ሄር» የተባለ ተውኔት ታየ፤ ጸጉር ማለት ነው። ቃሉንና ግጥሙን የጻፉት ጄሮም ራግኒና ጄምስ ራዶ የሚባሉ ሁለት ተዋንያን ናቸው። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ወጣት ለቬትናም ጦርነት ይጠራል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ይዋልላል፤ ጓደኞቹ ጸጉራቸውን አሳድገው በዙሪያው ይዘፍናሉ። ዜማውን የደረሰው ጋልት ማክደርሞት ግን ታሪኩ ደስ ይላል። ካናዳ ተወልዶ ሙዚቃ የተማረው በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ያጠናውም የአፍሪካን ሙዚቃ ነው። «ሮክ የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው ይህቺን ቢያስታውስ ደግ ነው። ሄር በሚያዝያ 1960 ብሮድዌይ ገብቶ 1,750 ጊዜ ታየ። ለንደን ላይ ደግሞ የቴአትር ሳንሱር በሕግ እስኪነሣ ጠብቆ፣ በተነሣ ማግስት፣ በመስከረም 1961 ተከፈተ።

አሁን ወደኛው ሰፈር እንመለስ። ሄር ብሮድዌይ ከመግባቱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1960፣ ስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ተማሪው «ይህ የባህል ወረራ ነው» ብሎ ተነሣ፤ እንቁላል ተወረወረ፤ ነገሩ ገፍቶ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ልብ በሉ! ኒው ዮርክ ላይ ያመፀው ወጣት አመፁን ያሳየው በጸጉሩና በልብሱ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ያመፀው ደግሞ ያንኑ ልብስ የጠላት ባንዲራ አድርጎ አየው። ሁለቱም እኮ የቬትናምን ጦርነት ይቃወሙ ነበር! የኛው ግን ሚኒስከርቱንና አብሮት የመጣውን ሁሉ ከኢምፔሪያሊዝም ጋር በአንድ ገመድ አሰረው።

የኛ ተማሪ ድምፅ ግጥም ነበር። ታምሩ ፈይሳ በ1953 «ደሃው ይናገራል»ን፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ በ1959 «በረከተ መርገም»ን ያነበቡት በኮሌጅ ቀን መድረክ ላይ ነው። እነዚያ ግጥሞች ያልተነገረውን ተናገሩ፤ ባለሥልጣኑንም አስቆጡ። ጊታሩ በበኩሉ ሌላ ሰፈር ነበር፤ ራስ ሆቴል፣ የሌሊት ክበቦች፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች። ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ተነሥቶ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እስከ መባል ደረሰ። አምሐ እሸቴ በ1961 በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ግርማ በየነ ያቀናብራል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ጃዙን ከኛ ቅኝት ጋር ያዋሕዳል። ከስድስት ኪሎ እስከ ራስ ሆቴል በእግር ቢኬድ ሩቅ አይደለም። ገጣሚውና ጊታር መቺው ግን ያቺን መንገድ ለአንድ ሥራ ሲመላለሱባት አልታዩም።

«ቴአትር ቤቶቹስ?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ዘፈንን ወደ ተውኔት ያስገባ ሰው ነበር። የቅኔው ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ከጠላት ወረራ በፊት ጀምሮ በቴአትሮቹ ውስጥ ዜማ ያስገባ ነበር። በ1927 በተቋቋመው ሀገር ፍቅር ኢዮኤል ዮሐንስ ዘፈኑንም ተውኔቱንም በአንድ ብዕር ይጽፍ ነበር። በ1948 የተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የመሰለ ጸሐፌ ተውኔትና ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰለ የሙዚቃ መሪ በአንድ ጣራ ሥር ይዞ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ውስጥም ሐሊም ኤል ዳብ የጀመረው፣ በኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን አቀናጅቶ ይጫወት ነበር።

ቤቱ ሙሉ ነው! ችግሩ ዘፈኑ የተሰጠው ቦታ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከተውኔቱ በፊት ወይም በገቢርና በገቢር መካከል ይመጣል፤ ተመልካቹን ያዝናናል፤ ይወርዳል። ዘፈኑ ሲያልቅ ባለታሪኩ ከቆመበት ፈቅ ካላለ ያ ሙዚቃ ማሸጋገሪያ ነው እንጂ ሙዚቃዊ ቴአትር አይደለም። በሄር ውስጥ ግን ወጣቱ የሚያስበው በዘፈኑ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉት ወጣቶች ከዚያ ወዲያ ምን አደረጉ? ቲም ራይስ ግጥሙን፣ አንድሪው ሎይድ ዌበር ዜማውን ይዘው «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር»ን ሠሩ። መድረክ የሚሰጣቸው ቢያጡ በ1963 በሸክላ አወጡት፤ ሸክላው ገበያ አገኘና በ1964 ብሮድዌይ ራሱ ጠራቸው። ሸክላው ሲወጣ ዌበር ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ የኛ ዕድሜ ማለት ነው። ፒት ታውንሰንድም «ቶሚ»ን ከባንዱ ከዘ ሁ ጋር በ1961 በሸክላ አሳተመ፤ በ1967 ፊልም፣ በ1985 የብሮድዌይ ተውኔት ሆነ። የኛም ባንዶች በዚያው ዘመን ሸክላ ያሳትሙ ነበር። ሆኖም አብዛኛው በየገጹ አንድ አንድ ዘፈን የሚይዝ ትንሽ ሸክላ ነው፤ ረጅም ታሪክ የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረውም።

ከዚያ 1966 መጣ። ጸጋዬ የብሬክትን ተውኔት «እናት ዓለም ጠኑ» አድርጎ ወደኛ አመጣው። ብሬክት ዘፈንን የክርክር መሣሪያ ያደረገ ሰው ነውና መንገዱ የተከፈተ ይመስል ነበር። በየአውራጃውና በየቀበሌውም የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ሆሳዕናን ዋና ከተማው ያደረገው የከምባታና ሐዲያ አውራጃም የዚያው ሥርዓት አካል ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዘፈን፣ ጭፈራና ድራማ በአንድ ቡድን የተገናኙት፣ የትንሽ ከተማ ልጅም ማይክራፎን የጨበጠው ያኔ ነው። ምን ዋጋ አለው! መልእክቱ ከላይ ተወስኖ ይመጣል። የሄሩ ወጣት ወደ ጦርነት ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ይጠይቃል፤ በኪነት መድረክ ግን ጥያቄው ሳይነሣ መልሱ ተሰጥቷል። የሰዓት እላፊው ደግሞ የሌሊቱን ሙዚቃ አንገቱን አነቀው። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙዎቹ ቡድኖች ተበተኑ።

በአፍሪካ አይቻልም እንዳንል ደግሞ ደቡብ አፍሪካ አለች። ሰኔ 9 ቀን 1968 የሶዌቶ ተማሪዎች «በአፍሪካንስ አንማርም» ብለው አደባባይ ወጡ፤ ተተኮሰባቸው። ምቦንጌኒ ንጌማ ከሂዩ ማሴኬላ ጋር ሆኖ ይህንኑ ትግል «ሳራፊና» በሚል ሙዚቃዊ ቴአትር በ1979 ጆሃንስበርግ፣ ማርኬት ቴአትር አሳየ፤ በ1980 ብሮድዌይ ደረሰ። ባለታሪኳ ተማሪ ናት። ምቱ ከኒው ዮርክ የተቀዳ ሮክ ሳይሆን የራሳቸው ሰፈር ምባቃንጋ ነው። ከዚህ የምንማረው ሮክን መቅዳት ሳይሆን ሮክ ለነሱ የሠራውን ሥራ በራስ ምት መሥራትን ነው።

ጆናታን ላርሰንም «ሬንት»ን ሲጽፍ የሄደው በዚያው መንገድ ነው። ምግብ ቤት እያስተናገደ ለዓመታት የደከመበት ሥራ ነው። በ1888 የታየውን የፑቺኒን «ላ ቦኤም» ኦፔራ ወስዶ የሳንባ ነቀርሳውን በኤድስ፣ ፓሪስን በኒው ዮርክ ተካ። በጥር 1988፣ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ሊቀርብ በነበረበት ዕለት ንጋት ላይ በ35 ዓመቱ ሞተ። ተውኔቱ ግን እስከ 2000 ድረስ ብሮድዌይ ላይ ከ5,000 ጊዜ በላይ ታየ። በዚያው በ2000 የኛው ሙላቱ አስታጥቄ በሃርቫርድ ሳለ «የያሬድ ኦፔራ» ከተባለ ሥራው አንዱን ክፍል አሰማ። በራስ ሆቴል ዘመን የነበረ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላም ሙዚቃን ከባለታሪክ ጋር ለማገናኘት መነሣቱ፣ ነገሩ ያላለቀ መሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ሾኔ ምን አላት? ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ በአንድ ቀን የሚሰማበት ገበያ አላት። ኪቦርዱና ጊታሩ በየቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን እጅ ነው። በያሆዴ ጊዜ ወጣቱ አቀባይና ተቀባይ ሆኖ ይዘፍናል፤ ይህ እኮ የግሪኮቹ መዘምራን ሥራ ነው። ባለታሪክ አጣን እንዳይባል ደግሞ በየቤቱ አለ። የደቡብ አፍሪካ መንገደኛ ነው።

ለደላላው የሚከፈለው ገንዘብ ከበሬና ከመሬት ይወጣል። ደርሶ ሱቅ የከፈተ፣ ሆሳዕና ላይ ቤት ያሠራ አለ። ያልደረሰም አለ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ሉሳካ አጠገብ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ሳራፊና የተወለደችበት አገር ዛሬ ለኛ ልጆች የዚህ መንገድ መጨረሻ ነው። ሾኔ ላይ ያለው ወጣት ጥያቄም የሄሩ ወጣት ጥያቄ ነው፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ይህ ጥያቄ በስብሰባና በፖስተር ብዙ ጊዜ ተመልሷል፤ «ሕገ ወጥ ስደት ይቁም» ይባላል፤ ልጁ ግን ይሄዳል። እንደ ኪነቱ ጊዜ መልሱን አስቀድሞ የሚሰጥ ቴአትር ብንሠራ እሱም አይሰማንም። ደላላው የሚዘፍነው ዜማ ከሁሉ ይጣፍጥ፤ ባይጣፍጥ ኖሮ ማን ይከተለው ነበር? አባት በሬውን ሲሸጥ ዝም ይበል፤ የቀሩት ጓደኞች መዘምራን ይሁኑ። መጨረሻውን ተመልካቹ ይፍረድ።

ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ራይስና ዌበር ሁለት ነበሩ። በየወሩ እዚህ ገጽ ላይ ግጥም የምታወጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሚቀጥለውን ለአዘጋጁ ከመስጠታችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊታር የሚችል ልጅ ፈልጋችሁ አንብቡለት።