የክርስትና መንፈሳዊ ሕይወትና የአንጎል ሳይንስ ከሱስ በማገገም

ከሱስ ለመላቀቅ በሚደረግ ትግል የክርስትናን መንፈሳዊ ሕይወት ከአንጎል ሳይንስ ጋር ማጣመር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ቅርጽ የያዘ፣ ሥሩ ግን እስከ ግብፅ በረሃ መነኮሳት የሚደርስ አካሄድ ነው። ጸሎት፣ ንስሐና የምእመናን ኅብረት ከመድኃኒት፣ ከምክር አገልግሎትና ስለ አንጎል አሠራር ከተገኘው ዕውቀት ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሁለቱ መስኮች የተገናኙት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ መተው ከልቡ የሚፈልግ ሰው መተው ለምን ያቅተዋል? ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት 7ኛ ምዕራፍ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው፤ የሱስ ተመራማሪዎችም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በላቦራቶሪ ሲፈልጉ የኖሩት የዚህኑ መልስ ነው። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንታዊ መሠረቱ

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ በኬሊያ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ (በ399 ዐረፈ) የሰውን ልብ የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝሯል፤ የመጀመሪያው ሆዳምነት ነው፣ የመጨረሻው ትዕቢት። ከዝርዝሩ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው አስተያየቱ ነው። ሐሳቡ ይምጣ አይምጣ መወሰን በመነኩሴው እጅ አይደለም፤ ከመጣ በኋላ ያስተናግደው እንደሆነ ግን በእጁ ነው። ሃራራ የያዘውን ሰው የሚያማክር የዛሬ ባለሙያም የሚያስተምረው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኤቫግሪዮስን ትምህርት ዮሐንስ ካስያን ወደ ምዕራቡ ዓለም ወሰደው። በኢትዮጵያ ገዳማት ደግሞ ተመሳሳይ የነፍስ ውጊያ ትምህርት በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለትም በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ ይነበባል፤ መነኮሳቱ ውጊያውን ጾር ይሉታል።

አውግስጢኖስ በ400 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ 8ኛ ክፍል ልማድ ከሰው ከራሱ ፈቃድ ተነሥቶ ያንኑ ፈቃድ መልሶ እንዴት እንደሚያስር ደረጃ በደረጃ ይተርካል። ሰንሰለቱን የሠራው ሌላ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ሠሪው ብቻውን ሊፈታው አልቻለም። ከ1,500 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ሳይንስ የዚህን ትረካ ሁለተኛ አጋማሽ በሚገርም ሁኔታ አረጋግጧል።

ኒው ዮርክና አክሮን

ዘመናዊው ታሪክ የሚጀምረው በታዋቂው የሥነ ልቦና ሐኪም በካርል ዩንግ ክፍል ውስጥ ነው። ሮላንድ ሃዛርድ የተባሉ አሜሪካዊ ባለሀብት ከመጠጥ ለመላቀቅ ዩንግን ተከታትለው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ዩንግ ሕክምና ከዚህ በላይ ሊረዳቸው እንደማይችልና የቀራቸው ተስፋ እውነተኛ መንፈሳዊ ለውጥ መሆኑን በግልጽ ነገሯቸው። ለአንድ ሐኪም ይህን መናገር ትሕትና ይጠይቃል። ሃዛርድ ኦክስፎርድ ግሩፕ ወደተባለው የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ገቡ፤ በእሳቸውና በጓደኞቻቸው በኩል ወሬው ኤቢ ታቸር ጋ ደረሰ፤ ታቸር ደግሞ በ1934 መገባደጃ ለቀድሞ የመጠጥ ጓደኛቸው ለቢል ዊልሰን አደረሱት።

ዊልሰን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኒው ዮርክ ታውንስ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ መላ ሕይወታቸውን የለወጠ መንፈሳዊ ተሞክሮ ገጠማቸው። አእምሯቸው የተነካ መስሏቸው ሲፈሩ ያረጋጓቸው ሐኪማቸው ዊልያም ሲልክዎርዝ ነበሩ። ሲልክዎርዝ የመጠጥ ሱስን የሰውነት አለርጂና የአእምሮ አባዜ ጥምር አድርገው ያስረዱ ነበር። የአለርጂው ማብራሪያ ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ ነገር ግን ጠጪውን ወራዳ ከሚለው ፍርድ አውጥቶ በሽተኛ ወደሚለው አሻግሮታል። ዊልሰን ያኔ ያነበቡት የዊልያም ጄምስ መጽሐፍም (1902) ሃይማኖታዊ ለውጥን በሥነ ልቦና ዓይን የመረመረ ነበር። ከዚህ የተወለደው እንቅስቃሴ ገና ሲጸነስ ሆስፒታልና ጸሎት በአንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

በ1935 ዊልሰን በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ከቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኙ። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጡበት ሰኔ 10 ቀን አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የተመሠረተበት ዕለት ሆኖ ይታሰባል። በ1939 የወጣው መጽሐፋቸው የያዛቸው 12 እርምጃዎች አቅም ማጣትን ከማመን ይጀምራሉ፤ ራስን መርምሮ ለሌላ ሰው መናዘዝ፣ የበደሉትን መካስ፣ መጸለይና ሌላውን መርዳት ይከተላሉ። በንስሐ አባት ፊት የቆመ ሰው ይህን ሥርዓት ወዲያው ያውቀዋል። ማኅበሩ ግን ከኦክስፎርድ ግሩፕ ተለይቶ ማንም እግዚአብሔርን በገባው መጠን የሚጠራበት መድረክ ሆኗል። ወደ ግልጽ ክርስቲያናዊ ቋንቋ የመለሰው ሰለብሬት ሪከቨሪ የተባለው መርሐ ግብር ነው፤ በ1991 በካሊፎርኒያ ሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን ተጀምሮ መመሪያዎቹን ከተራራው ስብከት ብፁዓን ቃላት ጋር ያያይዛል።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው

በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ ማንሻ በተጫነች ቁጥር የተወሰነ የአንጎል ክፍል በኤሌክትሪክ እንዲነቃቃ አደረጉ። አይጦቹ ማንሻውን ያለማቋረጥ ይጫኑ ጀመር። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች በመካከለኛው አንጎል ተነሥቶ ወደ ፊት የሚዘረጋውንና ዶፓሚን በተባለው ንጥረ ነገር የሚሠራውን መስመር ለይተዋል። አልኮል፣ ሄሮይን፣ ኮኬይን፣ ኒኮቲን፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ጭምር በተለያየ መንገድ ወደዚሁ መስመር ይደርሳሉ።

ዶፓሚን የደስታ ኬሚካል ነው የሚለው በየመድረኩ የሚሰማ አባባል ግን ያሳስታል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቴሪ ሮቢንሰንና ኬንት ቤሪጅ በ1993 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሻትና መደሰት በአንጎል ውስጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ዶፓሚን ይበልጥ የሚያገለግለው መሻትን ነው። ሱስ ሲጸና መሻቱ እያደገ ደስታው ባለበት ይቆማል ወይም ይቀንሳል። ዘወትር የሚቅም ሰው ምርቃናው እንደ ድሮው ሳይሆንለት ሃራራው ግን ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣበት ምክንያት ይህ ነው። በ1997 ቮልፍራም ሹልዝና ባልደረቦቻቸው እንዳስረዱት ደግሞ የዶፓሚን ሴሎች ከተማሩ በኋላ የሚነቁት ለሽልማቱ ሳይሆን ሽልማቱ እንደሚመጣ ለሚያመለክተው ነገር ነው። የጠርሙስ ድምፅ፣ የአንድ ሰፈር ጠረን፣ የደመወዝ ቀን፣ የአንድ ጓደኛ ስልክ፤ ሰውየው ገና ሳያስብበት አንጎሉ ተነሥቷል።

ከዚህ ጋር ሌላ ለውጥ አለ። አንጎል በየቀኑ ለሚደርስበት ጎርፍ ራሱን ያስተካክላል፤ ዶፓሚን ተቀባዮች ይቀንሳሉ፣ ምግብ፣ ጨዋታና የልጅ ሣቅ እንደ ቀድሞው አይጥሙም፣ ነገን አይቶ ዛሬን የሚገታው የግንባር አንጎል ይዳከማል። ስለዚህ ሱሰኛው ቆራጥነት የለውም ብሎ መውቀስ እግሩ የተሰበረን ሰው አልሮጥክም ብሎ እንደ መውቀስ ነው። ደጉ ነገር አብዛኛው ለውጥ በወራትና በዓመታት ውስጥ የሚሻሻል መሆኑ ነው። የተማረው ምልክት ግን ቶሎ አይጠፋም፤ ከረጅም ጊዜ በኋላም ሱስ የሚያገረሽበት ምክንያት ይኸው ነው።

የጄራልድ ሜይ አስተዋጽኦ

ሁለቱን ዓለሞች በአንድ መጽሐፍ ካገናኙት ሁሉ ስመ ጥሩ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጄራልድ ሜይ (1940–2005) ናቸው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በአየር ኃይል ሐኪምነት አገልግለዋል፤ በኋላም በዋሽንግተን አካባቢ ሻሌም በተባለው የመንፈሳዊ ሥልጠና ተቋም አስተምረዋል። ሱስና ጸጋ የሚል ርእስ ያለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1988 ነው።

ሜይ ሱስን የሚለዩት በአምስት ምልክቶች ነው፤ መጠኑን እየጨመሩ መሄድ፣ ሲያቆሙ የሚመጣ ሕመም፣ ራስን ማታለል፣ የፈቃድ መዳከምና የትኩረት መዛባት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በነርቭ ሴሎች መላመድ ያስረዳሉ፤ የመጨረሻውን ግን ነገረ መለኮታዊ ያደርጉታል፤ ልብ የተሰጠው ለፍቅር ሆኖ ሳለ ትኩረቱ በሌላ ነገር ስለተያዘ ሱስ በተግባር ጣዖት ይሆናል ይላሉ። ጸጋን ሰውየው የሚያመርተው ኃይል አያደርጉትም፤ የሚቀበለው ስጦታ ነው። ሆኖም መቀበሉ ራሱ ከሰውየው እርምጃ ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ጠቃሚው ትምህርታቸው ሱስ ሲቆም ስለሚከፈተው ባዶነት የሰጡት ነው። ብዙ ሰው ያን ባዶነት በሌላ ሱስ ይሞላዋል፤ መጠጥ ትቶ ቁማር ይይዛል፣ ጫት ትቶ ሲጋራ ያበዛል። ሜይ ከጸሎት መምህራኑ ከዮሐንስ ዘመስቀልና ከአቪላዋ ተሬዛ ተምረው ባዶነቱን ለመሙላት አትቸኩሉ፣ በጸሎት ተቀመጡበት ይላሉ። ደካማ ጎናቸውም መገለጽ አለበት። ማንኛውንም ጥብቅ መውደድ ሱስ ማለታቸው በየሌሊቱ ጉበቱን የሚያጠፋን ጠጪና ቡና የለመደን ሰው በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል፤ ለሐኪም ይህ አይጠቅምም።

ማስረጃዎች

በ2020 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሰዎችን ወደ 12ቱ እርምጃዎች ማኅበር የሚያስገቡ የተደራጁ ሕክምናዎች መጠጥን ሙሉ በሙሉ ከመተው አንጻር ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ከግምገማው አዘጋጆች አንዱ የሆኑት ጆን ኬሊ በሌሎች ጥናቶቻቸው ለውጡ በአብዛኛው የሚመጣው ከወዳጅ ለውጥና ሰውየው በራሱ ላይ ካገኘው እምነት መሆኑን፣ መንፈሳዊነቱ ደግሞ ሱሳቸው በጸናባቸው ሰዎች ዘንድ ጎልቶ እንደሚታይ አመልክተዋል።

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ጋላንተርና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባሳተሙት ጥናት 20 የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነባር አባላት የመጠጥ ሥዕሎች እያዩ አንጎላቸው በኤምአርአይ ተነሥቷል። ጸሎት ካነበቡ በኋላ ሃራራቸው ቀንሷል፣ ትኩረትንና ስሜትን በሚገዛው የግንባር አንጎል ላይም እንቅስቃሴ ታይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጸሎት ለማይጸልይ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም፤ እግዚአብሔር መኖሩንም አለመኖሩንም የሚያሳይ መሣሪያ አይደለም። ይህን ሥዕል ለስብከት ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ ሁሉ ሳይንሱንም እምነቱንም ይጎዳሉ።

ክርክሮች

በ1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም ኃላፊ አለን ሌሽነር ሱስ የአንጎል በሽታ ነው የሚለውን አቋም በሰፊው አስተዋወቁ። የነርቭ ሳይንቲስቱ ማርክ ሉዊስ፣ ራሳቸው ከሱስ ያገገሙ ሰው፣ በ2015 መጽሐፋቸው ሱስ ሥር የሰደደ ትምህርት እንጂ በሽታ አይደለም ሲሉ ተከራክረዋል። ሊ ሮቢንስ ከቬትናም በተመለሱ ወታደሮች ላይ ያደረጉት ጥናትም እዚያ በሄሮይን ሱስ ከተያዙት አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እንዳልቀጠሉበት አሳይቷል። አካባቢ ሲለወጥ አንጎልም ይለወጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ለሰው አዲስ ማኅበር መስጠቷ ይህን ያህል የሚመዝነው ለዚህ ነው።

በአንዳንድ ክርስቲያናዊ ማገገሚያዎች ለሄሮይን ሱስ የሚታዘዙትን ሜታዶንን ወይም ቡፕረኖርፊንን መውሰድ ሱስን በሱስ መተካት ተደርጎ ይታያል። ይህ አመለካከት ሕይወት ያስከፍላል። እነዚህ መድኃኒቶች በሄሮይንና በመሰል ሱሶች የሚደርሰውን ሞት በግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳሉ፤ መድኃኒቱን አቁሞ ከማገገሚያ የወጣ ሰው ደግሞ ሰውነቱ የድሮውን መጠን ስለማይችል አንድ ጊዜ ማገርሸቱ ሊገድለው ይችላል። የሜታዶንን ሕክምና በ1960ዎቹ የጀመሩት ዶክተር ቪንሰንት ዶል የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ የቦርድ አባል ነበሩ፤ ቢል ዊልሰን ለጠጪዎችም እንደ ሜታዶን ያለ መድኃኒት እንዲፈልጉላቸው እንደጠየቋቸው ዶል ጽፈዋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሱስ የያዘው የኦርቶዶክስ ምእመን ብዙውን ጊዜ ከሐኪም በፊት የሚሄደው ወደ ጸበል ወይም ወደ ንስሐ አባቱ ነው። ግዝትም የታወቀ ነው፤ ካህኑ መጠጡን ይገዝታሉ፣ ሰውየው በግዝቱ ይጸናል። ለብዙዎች ጠንካራ ድንበር ሆኗቸዋል። የሚያስፈራው ሲያገረሽ ነው፤ ግዝት አፈረስኩ ብሎ ያፈረ ሰው ከንስሐ አባቱም ከቤተ ክርስቲያኑም ይሸሻል፤ ማገርሸት ደግሞ ከአንጎሉ አሠራር የሚጠበቅ ነገር ነው። አባቶች ከግዝቱ ጋር የመመለሻውን መንገድ አብረው ቢነግሩት ብዙ ሰው ይድናል።

የጽዋ ማኅበርም ሊታሰብበት ይገባል። የሱሰኛው ትልቁ መድኃኒት ኅብረት ሆኖ ሳለ፣ ኅብረቱ በጠላ ላይ ሲሰበሰብ ላገገመው ሰው ፈተና ይሆናል። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቁርባን የሚቀርበው ካልፈላ የዘቢብ ጭማቂ ስለሆነ በምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ያገገሙ ጠጪዎችን የሚያስጨንቀው የወይን ጥያቄ እዚህ አይነሣም።

የእምነትና የሕክምና ጥምረት በአገራችን አዲስ አይደለም። በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለመጠጥ ሱስ ይህ ይበልጥ አጣዳፊ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰውነትን የሚያንፈራግጥ መናድ፣ ከሁለት እስከ አራት ባሉት ቀናት ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ያለበት ሕመም ሊይዘውና ሊሞት ይችላል። በጸበል ቦታ ይህን የርኩስ መንፈስ መለፍለፍ አድርጎ መውሰድ ቀላል ነው። ሰውነቱ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ስላለበት ጾም ሲጨመርበት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጸበል ከመሄዱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በሱባኤው ጊዜ ማቋረጥ የለበትም፤ ለሕመምተኛ ጾሙን የማቅለል ሥልጣን ደግሞ በንስሐ አባቱ እጅ ነው።